ጨረቃ በሰያፍ የምትወጣበት አገር

የሻሽወርቅ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ ያደረገችው መጋረጃውን ገልጣ ሰማዩን ማየት ነበር። ጥርት ብሏል። ደመና ቢሆን ኖሮ ሰበብ ታገኝ ነበር፤ ነገሩም ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ነበር። አሁን ማምለጫ የለም። ማምሻውን ጨረቃ በግርዶሽ እንደተያዘች ትወጣለች። አባቷ አቶ ኪዳኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መኪናቸውን እየነዱ እሷ እስከምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ድረስ ይመጣሉ። እሷም ዛሬ፣ ሳትጠይቃቸውና ሳታዋርዳቸው፣ ዓይናቸው ያይ እንደሆነና እንዳልሆነ ታውቃለች።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2007፣ የማርች ወር መግቢያ ነበር። የሻሽወርቅ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ተረኛ ናት። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ አባቷ መጥተው የዘጠኝ ዓመት ልጇን ዲናን ይወስዷታል። ልጅቱ እሳቸው ዘንድ ታድራለች፤ በማግስቱ አብረው ያስቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ይመልሷታል። መንገዱ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ነው። ገና ግንባታው ያላለቀውን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድን በምሥራቅ በኩል የሚዞር፣ የጭነት መኪና እንደ ክረምት ወንዝ የሚጎርፍበት መንገድ።

አቶ ኪዳኔ በአገር ቤት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሊማሊሞን በጉም የወረዱ፣ አንድም ቀን ሰው ያልገጩ፣ በየመናኸሪያው ስማቸው የሚጠራ ሰው ነበሩ። አሜሪካ ከመጡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሸትል ነድተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ከቅዳሜዋ መንገድና ከልጅ ልጃቸው በስተቀር ለሳምንቱ ቅርጽ የሚሰጠው ነገር አልነበራቸውም። የሻሽወርቅ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች።

ምልክቶቹ አንድ በአንድ ነበር የመጡት። መጀመሪያ የመኪናው የቀኝ መስታወት ተሰንጥቆ መጣ፤ አባቷ ፓርኪንግ ላይ አንዱ ገጭቶብኝ ሄደ አሉ። ቀጥሎ ጎረቤቷ በረንዳዋ ላይ ሆና እጇን ስታወዛውዝላቸው ዝም ብለዋት አለፉ፤ ድምፅዋን ስታሰማ ግን ከቤተሰቧ ጤንነት አንሥተው እስከ ውሻዋ ድረስ ጠየቋት። አንድ ቀን ደግሞ የሻሽወርቅ ከፎቅ መስኮት ሆና መኪና ሲያቆሙ አየቻቸው። ወረዱና በጎማውና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት በጫማቸው ጫፍ ለኩት። ዓይን ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ፣ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ያደርጋል አለች።

ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትላቸው ሳቁባት። መንጃ ፈቃዳቸው ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው አወጡና አሳዩዋት። ሮክቪል ለሚኖረው ወንድሟ ለዘሪሁን ደውላ ብትነግረው ደግሞ ተቆጣት። አባታችንን መኪናውን ከነጠቅሽው ምን ይቀረዋል፣ ደግሞስ ምን ማስረጃ አለሽ አላት። የመጨረሻዋ ቃል ነበረች የወጋቻት። ማስረጃ እንጀራዋ ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሴሎችን ስታይ ነው የምትውለው፤ ከብዙ ጤነኛ መካከል አንዱን በሽተኛ ለይታ ታወጣለች፤ ባላየችው ነገር ላይ ፈርማ አታውቅም።

በላቦራቶሪው አንድ ደንብ አለ። ኃላፊያቸው አልፎ አልፎ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ስላይድ፣ ናሙና የተቀባበት መስታወት፣ ለማንም ሳይናገር፣ ከዕለቱ ሥራ ጋር ይቀላቅላል። ያልነበረውን ነገር አየሁ ያለ ሰው በዚያ ይታወቃል። ማንም አይቀየምም።

ለአባቷ የሚሆነውን ስላይድ ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። የዲና መምህር ልጆቹ ግርዶሹን አይተው ሥዕሉን እንዲያመጡ አዝዛ ነበርና፣ የሻሽወርቅ ኢንተርኔት ላይ ስትፈላልግ በሩቅ ሰሜን፣ ከዋልታው ብዙም በማይርቅ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው የጻፈውን አነበበች። ሰውዬው ከዓመታት በፊት ጨረቃ ተጋርዳ ስትወጣ ለማየት በረዶ የሠራ ሐይቅ ላይ ቆሞ ነበር። የመውጫዋ ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ፈጽማ የተጋረደች ጨረቃ ብርሃኗ እጅግ ስለሚደክም፣ ወገግታው እስኪጠፋ ድረስ ከአድማስ ወጥታም ቢሆን በሰው ዓይን አትታይም ይላል። ሲጨልም አገኛት፤ ያገኛት ግን ከጠበቃት ቦታ ርቃ ነው። በዚያ አገር ጨረቃ ቀጥ ብላ ወደ ላይ አትወጣም፤ የተራራውን ጫፍ ተከትላ ወደ ጎን ትንሸራተታለች።

የሻሽወርቅ ይህን ደግማ አነበበችው። አሌክሳንድሪያም ላይ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ተጋርዳ ነው። ለተወሰነ ጊዜ በዚያ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ፣ ዓይኑ ምንም ያህል ቢነጻ፣ ምንም አያይም። እያየ ያለ ሰው «የለችም» ይላል። የሚያይ ለመምሰል የሚጥር ሰው ግን የምትወጣበትን ሰዓት ከሬዲዮ ሰምቶ፣ ሌላው ሁሉ እያያት መስሎት «አየኋት» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ የምትጸልየው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ አላየሁም እንዲሉላት።

አቶ ኪዳኔ በጊዜ መጡ። ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ዲናን አቅፈው ሳሙ። ልጅቱ ለአያቷ «አንተ» ትላለች፤ እርማት አልያዝላት ብሏል። እሳቸው ግን አሜሪካ ያወረደችኝ ማዕረግ ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር እያሉ ይቀልዳሉ። የሻሽወርቅ ወደ ወንዙ በእግር እንሂድ ስትላቸው ትንሽ አቅማሙ። ጨረቃዋን ቶሎ አይተው፣ ሳይመሽ መንገድ መጀመር ይሻላቸዋል፤ የቅዳሜ ማታ ትራፊክ አይወዱም። መኪናውን ግን ወንዙ ዳር ድረስ እንውሰደው አሉ። አጭር መንገድ ነበር። የሻሽወርቅ ከኋላ ተቀምጣ፣ ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ቀብራ፣ ከልጇ ጋር ሄደች። አነዳዳቸው እንከን አልነበረውም። ቀስ ያለ፣ እኩል፣ ተሳፋሪ የሚያስተኛ አነዳድ።

ወንዙ ዳር ያለችው መናፈሻ ቀዝቃዛ ነበረች። ፀሐይ ከኋላቸው ከከተማው ጣሪያዎች በታች ገብታለች፤ ከፊታቸው ውሃው ግራጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ከማዶ የሜሪላንድ ዛፎች፣ ከዛፎቹ በላይ ደግሞ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል የሬዲዮ ማማ ይታያል። የሻሽወርቅ ቦታውን ከአንድ ቀን በፊት በኮምፓስ ለክታዋለች። ጨረቃ የምትወጣው ከማማው ሥር ነው ብላ ለሁለቱም ነገረቻቸው። የቀረውን አልነገረቻቸውም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዲና መሐል፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ትንሽ ራቅ ብለው ውሻ የያዙ ባልና ሚስት በየተራ የርቀት መነጽር ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። ሴትየዋ ወደ እነሱ ዞራ እናንተስ አያችኋት ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ የሻሽወርቅ አላየንም በማለት ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው ሰዓቱን አየና እስካሁን መውጣት ነበረባት አለ።

አቶ ኪዳኔ ይህን ሰሙ። አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ብልጭ ወደሚለው ቀይ መብራት አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ።

«ያቻትና» አሉ።

የሻሽወርቅ ወደ ማማው አየች። ከዛፎቹ በላይ ያለው ሰማይ ሐምራዊ፣ ባዶ፣ ንጹሕ ነው።

«የት ጋ ነች አባዬ?»

«ከማማው በላይ ነዋ። እንዴ፣ አታያትም? የጋለ ብረት መስላ የለም እንዴ! ቀኑን ሙሉ በዚያ መነጽር ስታጮልቂ እየዋልሽ ዓይንሽን ጨርሰሽዋል።» ሳቅ አሉና ዲናን በክንዳቸው ነካ አደረጓት። «ዲንዬ፣ ለእናትሽ አሳዪያት እስቲ።»

ዲና ወደ ማማው አየች። ከዚያ ወደ አያቷ ፊት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ማማው።

«አዎ» አለች። «አየኋት። ሬድ ናት።»

የሻሽወርቅ ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ስላይዱን ያስቀመጠችው ለአባቷ ነበር፤ ያነበበችው ልጇ ሆነች። ባልና ሚስቱ የሚያዩት የለም፤ በመነጽር እንኳ። የልጅ ዓይን ምንም ቢነጻ እዚያ ሰማይ ላይ የሚያየው ነገር የለም። ዲና የዋሸችው ቀልዳ ወይም ተሳስታ አልነበረም። ያለ ማመንታት፣ ልክ እንደ ልማዷ፣ አያቷ የጎደላቸውን ቃል ሞላችላቸው።

ድምፅዋን አለስልሳ ልጅቱን ጠየቀቻት፤ ምን ያህል ትልቅ ናት፣ ሙሉ ክብ ናት ወይስ ጎደሎ፣ የማማውን ጫፍ አልፋለች ወይ። ዲና እያንዳንዱን መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጊዜ ወደ አያቷ ትመለከታለች።

አቶ ኪዳኔ ቆጣ አሉ። «ልጅቱን ምን እንደ ፖሊስ ታፋጥጫታለሽ? አየሁ አለች፤ አየች በቃ።»

የሻሽወርቅ ጥያቄዋን አቆመች። በሥራዋ አንድ ስላይድ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ምናልባት አባቷ ልጅቱን ለማስደሰት ተጫውተው ይሆናል። ምናልባት ልጅቱ የአያቷን ጨዋታ ተቀብላ ይሆናል። አያትና የልጅ ልጅ በሌለ ነገር ላይ ሲስማሙ አዲስ አይደለም። ይህን ለራሷ ስትነግር፣ ራሷን እያባበለች መሆኑን አውቃለች። ግን አንድ ዕድል ቀርቷል፤ ጨረቃዋ ራሷ። ትጠብቃለች።

ችግሩ አባቷ መጠበቅ አለመፈለጋቸው ነበር። አየናት አይደል፣ እንግዲህ እንነሣ አሉ። እሷ ዲና ሥዕሏን ትጨርስ አለች። ዲና ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ እርሳስ ክብ ሠራች፤ ከማማው ጫፍ ላይ። አቶ ኪዳኔ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ቁልፋቸውን በኪሳቸው ውስጥ አንቃጨሉ። በጨለመ ቁጥር እየተቁነጠነጡ ሄዱ። የሻሽወርቅ ነገሩ አሁን ገባት፤ የሚፈሩት ትራፊኩን አይደለም። እሷ ጨለማውን ትጠብቃለች፤ እሳቸው ከጨለማው ይሸሻሉ፤ ልጅቱ መካከላቸው ተቀምጣ ቀይ ቀለም ትቀባለች።

ሐምራዊው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ የሻሽወርቅ አየቻት። መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ ነበረች፤ ቀለም በደንብ እንዳልያዘ ስላይድ፣ ከዳራው የማትለይ ነጠብጣብ። ዓይኗን አዙራ መለሰች፤ አለች። የደረቀ ደም የመሰለች፣ ክብ፣ ዝምተኛ። ውሻ የያዘችውም ሴትዮ ወዲያው ጣቷን ቀሰረችና ባሏን ጎተተችው።

ጨረቃዋ ግን ከማማው በላይ አልነበረችም። ክንዷን ዘርግታ ብትለካ፣ ከማማው ወደ ቀኝ ሦስት ጣት ያህል ርቃለች። የሰሜኑ ሰው እንደጻፈው በሰያፍ ተንሸራታለች፤ እዚህ ከእሱ አገር ባነሰ፣ ከጎንደር ግን እጅግ በበለጠ። አባቷ የሚያውቋት ጨረቃ እንዲህ አትሄድም። እሳቸው ሌሊት ሌሊት በአውቶቡሱ መስታወት ሲያዩአት የኖሩት ጨረቃ ከተራራው ጀርባ ብቅ ካለች ሽቅብ ነው፤ እንደ ባልዲ ከጉድጓድ።

«አባዬ» አለች። «አሁንስ የት ደረሰች?»

አቶ ኪዳኔ አላመነቱም። መውጫዋን ያውቃሉ፤ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈም ያውቃሉ። ክንዳቸውን አንሥተው ከቀዩ መብራት በላይ፣ ልክ በትክክለኛው ከፍታ ላይ፣ ቀጥ አድርገው ጠቆሙ። ባዶው ሰማይ ላይ።

ዲና እርሳሷን አስቀመጠች። ቀና ብላ ጨረቃዋን አየች፤ የአያቷን ጣት አየች። ከዚያ ምንም ሳትናገር፣ በጣም በቀስታ፣ መዳፏን ከክርናቸው ሥር አስገብታ ወደ ቀኝ ገፋችው። የአቶ ኪዳኔ ክንድ እንደ መሪ ዞረ። ጣታቸው ጨረቃዋ ላይ ሲደርስ ልጅቱ እጇን አነሣች፤ ክንዱም እዚያው ቆመ።

ሁለቱም ተለማምደውታል።

የሻሽወርቅ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እንደ አዲስ ዓይን ነበር ያየችው። አቶ ኪዳኔ በቃ መሸ ብለው ተነሡ፤ ዲና እጃቸውን ያዘች። ይህን ስንት ጊዜ አይታ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ማን ማንን እንደሚመራ አየች። መንገዱ ጠርዝ ሲደርሱ ልጅቱ እጃቸውን ጨመቅ አደረገች፤ እሳቸውም እግራቸውን አነሡ። መኪናው ጋ ሲደርሱ አቶ ኪዳኔ በሾፌሩ በር ገቡ። ዲና ደግሞ ሄዳ ከጎናቸው ያለውን የፊተኛውን በር ከፈተች።

ከፊት እንዳትቀመጥ የሻሽወርቅ ስንት ጊዜ አስጠንቅቃታለች። ዲና እጀታውን እንደያዘች ድንገት አስታወሰችና ወደ እናቷ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው የተያዘ ሌባ ፊት አልነበረም፤ ሥራውን ሊቀሙት የመጡበት ሠራተኛ ፊት ነበር።

«የመንገዱን ሳይኖች ማየት አለብኝ» አለች። «የምንወጣበትን ኤግዚት እኔ ነኝ የምነግረው። ሬድ ሲሆን ሬድ እለዋለሁ። ማሚ፣ ጎበዝ ነኝ እኮ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

መኪናው ውስጥ አቶ ኪዳኔ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር። የሻሽወርቅ ዞራ በሾፌሩ በር በኩል ቆመች። ለአባቷ በሕይወቷ ትእዛዝ ሰጥታ አታውቅም። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ባዕድ ነገር ከበዳት።

«አባዬ፣ ይውረዱ።»

«ብርድ ነው፤ በሩን ዝጊው።»

«ልጄን ይዘው አይሄዱም። ይውረዱ።»

አልወረዱም። ቁልፉን አስገቡ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ፊታቸው ያለው ጠጠር በመብራቱ ነጣ። የሻሽወርቅ በሩን እንደያዘች ነበረች። ቢንቀሳቀሱ አብራ ትጎተታለች፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ዲና ከወዲያኛው በር ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ውሻው ከሩቅ ጮኸ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርሽኝ?» አሉ በመጨረሻ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ከገና ወዲህ።»

«ከገና ወዲህ።» ቃሏን ደገሙት። «እንግዲያው በየሳምንቱ ልጅሽን አምጥተሽ የሰጠሽኝ ጠርጥረሽ ነው። እኔስ ሸምግዬ ነው፣ ፈርቼ ነው፣ ሰው እጅ እንዳልወድቅ ብዬ ነው። አንቺ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

ማስረጃ ልትል ነበር። ተወችው። ባላየችው ነገር ላይ ላለመፈረም ስትጠነቀቅ፣ ልጇን በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ቤልትዌይ ላይ ሰድዳለች። ግን በሩን አልለቀቀችም።

ሞተሩን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሯት፤ ለሐኪም እንደሚናገር ሰው፣ ያለ ምሬት። ዙሪያውን ሁሉ ያያሉ። ማማውን፣ ወንዙን፣ የመንገዱን ጠርዝ። የማይታያቸው መሐሉ ነው።

«አንድ ሰው አውራ ጣቱን የጫነብኝ ይመስለኛል። የምመለከተውን ነገር እሱን ራሱን ነው የማላየው። አንቺንም አሁን ጆሮሽንና ጸጉርሽን አያለሁ፤ ፊትሽ የለም።»

የሻሽወርቅ እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። አላነሡትም፤ አልያዙትምም። ቁልፉን መሰኪያው ላይ ትተው፣ መቀመጫውን በእጃቸው እየደገፉ ወጡና በመኪናው አፍንጫ ዞረው በወዲያኛው በር ገቡ። ዲና ከኋላ ተቀመጠች፤ ቀበቶዋን አሰረች። የሻሽወርቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ልታደርሳቸው መሪውን ያዘች። ሥዕሉ ወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ማንም አልተመለሰለትም።

ድልድዩ ላይ ሲወጡ ጨረቃዋ ከፊት ለፊታቸው ነበረች፤ አንደኛው ጠርዟ ነጥቶ ማብራት ጀምሯል። ዲና አየቻት። የሻሽወርቅ የአባቷን መኪና ነድታ አታውቅም። ፍሬኑ ጠንካራ ነው። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አጠገባቸው ሲደርስ፣ መሥመር ስትቀይር፣ የፊተኛው መኪና ቀይ መብራት ሲበራ፣ የአቶ ኪዳኔ ቀኝ እግር የመኪናውን ወለል ይጫናል። አንድ ጊዜ በልማድ አፋቸውን ከፍተው ወደ ኋላ ዞር አሉ፤ ከዚያ ዘጉት። የሻሽወርቅ ከፊቷ ያለውን የመንገድ ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አመሰግናለሁ አላሉም፤ የቀኙ መሥመር ላይ ሁኚ፣ ከፊት ይጠብባል አሏት። ልክ ነበሩ፤ ጠበበ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሊደርሱ ሲሉ የአቶ ኪዳኔ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ እታለማሁ ነበሩ፤ ከእሳቸው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ የሚጮኹ ባልቴት። ድምፃቸው መኪናውን ሞላው።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ ነገ ለቅዳሴው ስንት ሰዓት እንውረድ? ዓባይነሽም ትመጣለች፤ ከኋላ ቦታ አይጠፋም ብያታለሁ።»

የሻሽወርቅ መሪውን አጥብቃ ያዘች። ከዲና ሌላ ሰው እንደሚጭኑ አታውቅም ነበር። ወደ አባቷ አልዞረችም። ለመናገር እንኳ አልሞከረችም፤ ይህን እሷ ልትናገርላቸው አትችልም።

«ነገ...» አሉ አቶ ኪዳኔ። «ነገ መኪናው...»

ከስልኩ ውስጥ «መኪናው ምን ሆነ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«መኪናው ምንም አልሆነም» አሉ። «ዓይኔ ነው። አላይም፣ እታለማሁ። ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።»

ባልቴቷ እንደ ቅድሙ ጮኸው መለሱ።

«እሱንማ እናውቃለን። ለዚህ አይደል ልጅቱን ከፊት የምናስቀምጥልዎ። እኔ የጠየቅሁት ስንት ሰዓት እንውረድ ብዬ ነው።»

አቶ ኪዳኔ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። የሻሽወርቅ ያለቀሱ መስሏት ነበር፤ የመንገድ መብራት ሲያበራላቸው ግን ግንባራቸውን እንደ ድሮው፣ መናኸሪያ ላይ ከተሳፋሪ ጋር እንደሚሟገት ሰው ቋጥረውት አየች።

«በአውቶቡስ ነው የምንሄደው» አሉ። «አሁን ለዓባይነሽም ንገሪያት። ቀደም ብላችሁ ውረዱ፤ እሑድ ቀን ቶሎ ቶሎ አይመጣም።»